ዘርፌ ፍላሽ

ስልኩ የተደወለልኝ ቡታጅራ፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወጥቼ የጠመኔውን አቧራ ከእጄ ሳላራግፍ ነው። ደዋዩ ወልቂጤ አብሮኝ ያስተምር የነበረው የኬሚስትሪው መምህር ደግነት ነበር። ሰላምታውን አሳጠረው።

«እትዬ ዘርፌ አረፉ» አለኝ።

የትኛዋ እንደሆኑ የጠፋኝ መስሎት «ልብስ ሰፊዋ፤ ዘርፌ ፍላሽ» ብሎ ጨመረበት።

«እሳቸውን ልረሳ?» አልኩት።

በማግስቱ ወልቂጤ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ድንኳኑ ውስጥ ስለ እሳቸው የሚያወራ ሁሉ በሐዘን ይጀምርና ሳያውቀው ድምፁ ከፍ ይላል፣ እጁ ይወናጨፋል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ «አይ፣ እንደሱ አይደለም የሆነው» ብሎ ይቀበለዋል። ሁሉም የየራሱ ዘርፌ አለችው። እኔም የኔዋን ልናገር።

ወልቂጤ የተመደብኩት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነው። የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። ቤት ሳፈላልግ ደላላው ወደ ገበያ ከሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ግቢ ወሰደኝ። በመንገዱ በኩል የልብስ ስፌት ክፍል አለ፤ ከጀርባው ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች። ባለቤቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ በከንፈራቸው ሦስት አራት ስፒል እንደያዙ አነጋገሩኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የፊዚክስ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ጨርቅ ላይ ሰኩና አዩኝ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ነገሮች ለምን እንደሚንቀሳቀሱ፣ ለምን እንደሚቆሙ የሚያጠና ትምህርት ነው።»

«ጥሩ። የኔ መኪና ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምትቆም ትነግሪኛለሽ። ግቢ» አሉኝ። የቤት ኪራይ ውላችን ይኸው ነበር።

እትዬ ዘርፌ የቸሃ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው ወልቂጤ ገቡ፤ ባላቸው ቶሎ ሞቱባቸውና ሦስቱን ልጆቻቸውን በዚያችው ስፌት መኪና አሳደጉ። ልጆቹ ሁሉም አዲስ አበባ ገብተው ነግደዋል። እሳቸው ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። አማርኛቸው የጉራጊኛ ዜማ ያለው፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ነው፤ ሲናደዱ ጭራሽ አማርኛውን ትተውት ይሄዳሉ። ሜትራቸው ካንገታቸው አይወርድም። አንድ እሑድ ጸሎት ቤት እንደዚያው አጥልቀውት ሄደው ዘማሪዎቹን እንዳሳቋቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። «ጌታ እንደሆነ ሥራዬን ያውቃል» አሉ።

ከመኪናቸው ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ትልቁ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከፊቱ ፍላሽ የሚሰካበት ሪሲቨር አምጥቶ ገጠመላቸው። «እማዬ፣ ቀይ ክብ ያለባትን ስትጫኚ ይቀዳል፤ አራት ማዕዘኗን ስትጫኚ ያበቃል፤ ሁለት እንጨት የቆመባት ደግሞ የተቀዳውን ስታዪ መሀል ላይ ታቆምልሻለች» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልፈለጉም። በገበያ ቀን የሚተላለፈውን ድራማ እየቀዱ፣ ቅቤና ቆጮ ሲሸጡ ለዋሉት የሰፈር ሴቶች እሑድ ከሰዓት በኋላ ያሳዩ ጀመር። ዘርፌ ፍላሽ የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። ስሙን ይወዱት ነበር።

አሁን ስለ ትምህርት ቤቴ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ነበር፤ ፕላዝማ እንለዋለን። ትምህርቱ በሳተላይት ነው የሚመጣው፤ በእንግሊዝኛ። ለክፍሉ መምህር የሚቀረው መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነው። ክፉ ትምህርት አልነበረም። እኛ በዓይናችን አይተን የማናውቀውን መሣሪያ፣ ሙከራ፣ ሥዕል ያሳያል። ነገር ግን ማንንም አይጠብቅም። ፕላዝማው ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ ጥያቄ ይጽፋል፣ «አሁን እናንተ ሥሩት» ይላል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው።

ከተማሪዎቼ መካከል ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረች። ከአገና መጥታ አክስቷ ጋ የምትማር፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። አንድ ቀን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሰውዬውን ትንሽ ጠብቀን በይልን» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። ደብተሯን ሳየው እያንዳንዱ ገጽ ግማሹ ላይ የቆመ ጽሑፍ ነው። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከፊታቸው ነበር። እሱን ያላለፈ ወደ አሥራ አንደኛ አይሻገርም። ልጅቷ ወደ ኋላ ስትቀር እያየሁ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ከስፌት ክፍሉ ጩኸት ሰማሁ። ጠብ መስሎኝ ሮጥኩ። ስድስት ሰባት ሴቶች በርጩማና በጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን ከበውታል። ማያው ላይ አንዲት ተዋናይ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀርታለች። እትዬ ዘርፌ ሪሞቱን ከፍ አድርገው መሀላቸው ቆመዋል።

«ዋሸችው!» ትላለች ቅቤ ነጋዴዋ ወይንሸት።

«አልዋሸችውም፤ ደበቀችው እንጂ» ትላለች ሌላዋ።

«እስቲ መልሺው፤ ምን እንዳለችው እንስማ።»

እትዬ ዘርፌ መለሱት። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ሰሙ። አሁንም አልተግባቡም፤ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁሉም ሲስማሙ «በይ ልቀቂው» ተባለና ድራማው ቀጠለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሌላዋ እጇን አወጣች፤ «ይቁም!»

እርጥቡን ልብስ በክንዴ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እነዚህ ሴቶች ያልገባቸውን ነገር ያስቆማሉ። የኔ ተማሪዎች አያስቆሙም።

ሴቶቹ ሲወጡ «እትዬ ዘርፌ፣ የኔን ትምህርት ይቀዱልኛል?» አልኳቸው።

ጣቢያዎቹን እያገላበጥን ፈለግነው። ዲሹን የገጠመው ሰው ከሌሎቹ ጋር አብሮ አስገብቶት ኖሯል። እሳቸው ገና ሲያዩት አወቁት። «ይኼማ አለ! ጨርቅ ስቆርጥ አንዳንዴ አየዋለሁ። ብዙ ይጠይቃል፤ ማንም አይመልስለትም። ያሳዝነኛል።»

ችግሩ የትምህርቱ ሰዓት ነበር። ሳምንታዊውን ፕሮግራም በወረቀት ጽፌ ብሰጣቸው ተቀብለው ገለበጡት፣ መልሰው ሰጡኝ። «ይኼ ለኔ ጥልፍ ነው። አንቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ አቡጀዴ ተሰቅሏል። አምስት መስመር አለው፣ ለአምስቱ የሥራ ቀናት። በየመስመሩ ላይ በቀለም ክር የተሰፉ ክቦች አሉ፤ ክቦቹ ሰዓት ናቸው፣ ውስጣቸው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሁለት ጅራት ተሰፍቶላቸዋል። ቀይ ክር ፊዚክስ ነው። ፍላሾቹንም በየጆሯቸው ክር አሰሩላቸው፤ የመጀመሪያው ትምህርት አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ሁለት ቋጠሮ። የጠዋቱ ሲቀዳ መብራት ከጠፋ፣ ያው ትምህርት ለሌላ ክፍል ሲደገም ጠብቀው ይይዙታል። መደገሙን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የደረሱበት።

ፍላሹን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሄድኩ። ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየለዋወጠ ሞከረና «አይከፍትም፤ የቀዳው ሪሲቨር ላይ ብቻ ነው የሚታየው» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። እትዬ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እሱ ካልሄደላቸው እነሱ ይምጡለት። ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ሃያ የሚሆኑ ልጆች መጡ። ክፍሏ ጠባ በሩ ላይ የቆሙ ነበሩ። ትምህርቱ ተጀመረ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ እንደለመዱት አጎንብሰው መገልበጥ ያዙ፤ አንድም ሰው አላስቆመም። እትዬ ዘርፌ ከመኪናቸው ኋላ ሆነው ትንሽ ታገሱና ራሳቸው ቁልፏን ተጫኑ።

«ገባችሁ?»

«አዎ» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

«ምን ገባችሁ?»

ልጆቹ ደብተራቸውን አገላበጡ።

«እኔም አልገባኝም። መልሼዋለሁ» አሉና መለሱት።

ለሁለተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ ሲደርስ ከበሩ በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። «ይቁም!» ሰዓዳ ናት። ሁሉም ዞረው አዩዋት። እጇን አላወረደችም። «ኃይሉ ከሌለ ለምን ይሄዳል? ያ ኳስ የሚገፋው ሳይኖር ለምን ይሄዳል?»

ስለ ኢነርሺያ ነበር ትምህርቱ። ሰሌዳ የለኝም፤ በቃል አስረዳሁ። አልገባትም። ምሳሌ ቀይሬ ደገምኩ። ዓይኗ አሁንም ጠያቂ ነው። ይኼኔ እትዬ ዘርፌ «ልናገር?» አሉ። ፈቃዴን አልጠበቁም፤ ለደንቡ ያህል ነው የጠየቁት። የስፌት መኪናቸውን ፔዳል በኃይል ረገጡና እግራቸውን አነሱ።

«ተመልከቺ። እግሬ የለበትም። ጎማው ግን እየዞረ ነው። ለምን? ስለጀመረ ነው። የጀመረ ነገር እስኪያስቆሙት አይቆምም።» እጃቸውን በጎማው ላይ አሳረፉ፤ ቀጥ አለ። «አሁን እጄ አስቆመው። እጄን ባላደርግበትም ቀስ ብሎ ይቆማል፤ ምክንያቱም ውስጡ ይፋተጋል፤ ዘይት ስጨምርበት ብዙ ይዞራል። የቆመ ደግሞ እስኪረግጡት አይነሳም። ሰውዬው የሚለው ይኼን አይደለም እንዴ?»

ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አፌን ከፍቼ እያየኋቸው ነበር። «ይኼንን ነው» አልኩ። ሰዓዳ አጎንብሳ ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ወረቀቱን የሚበሳው ይመስል ነበር። በዚያ ቅዳሜ አንዱን ትምህርት ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን፤ ማንም ግን ልሂድ አላለም።

ወሬው ተዳረሰ። በአንድ ለአምስት የተደራጁት ልጆች ቡድን ቡድናቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ደግነት መጀመሪያ «ፊዚክስ በልብስ ሰፊ ቤት!» እያለ ያላግጥብኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ቢጫ ክር ለኬሚስትሪ አስመደበ። ባዮሎጂ አረንጓዴ፣ ሒሳብ ሰማያዊ ተሰጠው። ስፌት ክፍሏ ስላልበቃች አንድ ከሰዓት በኋላ ሪሲቨሩን ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልንወስድ ተስማማን። እትዬ ዘርፌ ሪሲቨሩን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልለው፣ ማንም እንዳይነካው ከልክለው በባጃጅ ይዘውት መጡ።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆማቸው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ እንዳይገቡ አዘዋል። እኔን ቢሮ ጠርተው «ትምህርቱ በተመደበለት ሰዓት፣ በተመደበለት መሣሪያ ነው የሚሰጠው። ከመንገድ የመጣ ዕቃ እዚህ አይሰካም። ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገ ከላይ የሚጠየቁትን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። በእርግጥም ማንም አልፈቀደልኝም።

ስወጣ እትዬ ዘርፌ ባጃጇ ውስጥ ሪሲቨሩን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ፊቴን አይተው አልጠየቁኝም። ለሾፌሩ «አዙረው» ብቻ አሉት። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥናቸው ሁለት ቀን ተዘግቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በመስኮቴ የሰውዬው እንግሊዝኛ ሲገባ ሰማሁ። ስወጣ በእጃቸው ሪሞት፣ በአፋቸው ስፒል ይዘዋል። «ያልተቀዳ ነገር ይጠፋል። እነሱ ሲፈልጉት እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠባቧ ክፍል ቀጠልን።

የበልግ ዝናብ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማውን የሚያናጋ መብረቅ ወረደ። የትምህርት ቤቱን ዲሽ መታው፤ ሪሲቨሩም ገመዱም ተቃጠለ። በየክፍሉ ያሉት ቴሌቪዥኖች ባይቃጠሉም ምስል አጥተው ጥቁር ሆነው ቀሩ። መለዋወጫ ተጠየቀ፤ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። መጻሕፍቱ ለአራት ልጅ አንድ ናቸው። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። መምህራን በየክፍሉ በጠመኔ ልንደርስበት ሞከርን፤ የምናሳየው ነገር ግን አልነበረንም። ልጆቹ በየኮሪደሩ «በቃ ዘንድሮ አለቀልን» ሲሉ እሰማ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምክትሉ ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለመግባት አፍረዋል። እትዬ ዘርፌ ቀና ብለው አዩዋቸው፣ ከዚያ ወደ ኮታቸው።

«ግባ ልጄ። ኪስህ ተተርትሯል።»

«ለሱ አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ...»

«አውቃለሁ ለምን እንደመጣህ። አውልቀውና ተቀመጥ።»

ምክትሉ ኮታቸውን አውልቀው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ዘርፌ ኪሱን ሲሰፉ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። «ያን ጊዜ በር ላይ የሆነው...» ብለው ምክትሉ ሲጀምሩ እትዬ ዘርፌ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ያ አለፈ። ልጆቹ ስንት ናቸው?»

«አሥረኛ ክፍል በሙሉ።»

«አዳራሹ ይበቃል?»

«በፈረቃ ከሆነ ይበቃል።»

«እኔ ጠዋት እቀዳለሁ፤ ከሰዓት አመጣለሁ። ዘበኛህ ሪሲቨሬን እንዳይነካ።» ኮቱን አራግፈው ሰጧቸው። ምክትሉ ዲሻቸውንም ነቅለን ትምህርት ቤቱ ላይ እንትከለው፣ ልጆቹ በቀጥታ ይዩት ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ ዘርፌ ሳቁ። «የማይቆም ትምህርት ምን ያደርግላቸዋል?» አሉ። እኔ በልቤ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ባጃጇ በትምህርት ቤቱ በር ትገባለች። ዘበኛው ራሱ በሩን ከፍቶ እጅ ይነሳል። የኮምፒውተር ባለሙያው ቢጫና ቀዩን ኬብል ከአንዱ ክፍል ወደ አዳራሹ ከተወሰደው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኛል። እትዬ ዘርፌ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ይከፍታሉ፤ ክር የታሰረባቸው ፍላሾች ውስጡ ተደርድረዋል። የሚሰፋ ነገርም ይዘው ይመጣሉ፤ ጥግ ላይ ወንበር አስጠግተው በእጃቸው ቁልፍ እየተከሉ፣ ሪሞቱን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። አዳራሹ ሙሉ ልጅ ነው። አንዱ እጁን ያወጣል፤ «እትዬ፣ ይቁም!» ይቆማል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ይወጣል፣ ያስረዳል፣ ልጆቹ ይከራከራሉ፣ ይሠራሉ፤ ከዚያ «ይለቀቅ!» ይባላል። በመምህርነቴ ዘመን እንደዚያ ያለ ክፍል አላጋጠመኝም። ያን አዳራሽ ሳስብ እስከ ዛሬ ደረቴ ይሞላል።

አንድ ነገር ከብዷቸው ነበር። ሴቶቹ ወራት ሙሉ የተከታተሉት ድራማ የመጨረሻ ክፍሉ በገበያ ቀን ተላለፈ፤ እትዬ ዘርፌም ቀዱት። በማግስቱ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምረው ሲጀመር ፍላሹ ሁሉ ሞልቶ ተገኘ። አንድ ነገር መጥፋት ነበረበት። እሑድ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ሲቀመጡ እትዬ ዘርፌ ቴሌቪዥኑን አልከፈቱትም።

«አጥፍቼዋለሁ» አሉ።

«መጨረሻውን?» አለች ወይንሸት።

«መጨረሻውን።»

«ለምን ሲባል?»

«ለኤሌክትሪክ።»

እኔ ከኋላ ቆሜ ሳቄን ዋጥኩ፤ የሚያስቅ ግን አልነበረም። ወይንሸት ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። እትዬ ዘርፌ ባዶ በርጩማዎቹን እያዩ «እኔስ መች አየሁት?» አሉ ቀስ ብለው። «ድራማው አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል። የነዚያ ፈተና ግን ቀኑ አንድ ነው።» ያን ቀን መኪናቸውን አልረገጡም።

በማግስቱ ወይንሸት መጣች። ሰላም አላለችም። ከመቀነቷ አንድ ፍላሽ ፈትታ መኪናው ላይ አስቀመጠች። «ልጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ነው። ባዶ ነው። ሙይበት» ብላ ወጣች። እትዬ ዘርፌ ከቀለሞቹ ሁሉ መርጠው፣ ለሌላ ለማንም ያልሰጡትን ሐምራዊ ክር አሰሩበት።

ፈተናው ተፈተነ። ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እግር መጣያ አልነበረም። በየዓመቱ ወደ አሥራ አንደኛ የሚያልፉት ስም ዝርዝር በአንድ ወረቀት ይለጠፋል፤ ያውም ከታች ባዶ ቦታ ይተርፈዋል። የዚያን ዕለት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አንዱን ወረቀት ለጥፎ ሁለተኛ አወጣ። ሁለተኛውን ለጥፎ ሦስተኛ ሲያወጣ ጩኸቱ አጥሩን ዘሎ ገበያው ድረስ ተሰማ። ሰዓዳን ያገኘኋት ግድግዳው ሥር ነው፤ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ አላነሳም ብላለች፤ የሚገፏት ልጆች እንኳ ሊያስነሷት አልቻሉም። «አለሁ፣ ቲቸር። እኔም አለሁ» ትላለች ደጋግማ። አቀፍኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ልጆቹ ግር ብለው ከግቢው ወጡ። ቁልቁል ወደ ገበያው መንገድ ሮጡ። ከኋላቸው ስደርስ ከስፌት ክፍሉ ፊት ለፊት መንገዱን ዘግተው በጉራጊኛ እየጨፈሩ ነው፤ አቧራው ተነስቷል፣ ባጃጆች ቆመው ክላክስ ይነፋሉ፣ ወይንሸት ቅቤዋን ጥላ መሀል ገብታ እጇን እያፋጠነች ታጨበጭባለች። እትዬ ዘርፌ ሜትራቸውን ባንገታቸው አድርገው ወጡ። ትንሽ ቆመው አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ጎን አኖሩና ገቡ። እኔ ያን ያህል የሚፈጥን እግር የሃምሳ ዓመት ሴት ላይ አይቼ አላውቅም። ክቡ እየሰፋ ሄደ። ደግነት ኬሚስትሪውን ረስቶ ይዘላል።

ጭፈራው መሀል ምክትሉ መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘዋል። ልጆቹ ቦታ ለቀቁላቸው። ምክትሉ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለእትዬ ዘርፌ አቀረቡ። እትዬ ዘርፌ ላባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀበሉና ለእኔ ሰጡኝ።

«ጮክ ብለሽ አንቢልኝ። ሁሉም ይስማ።»

አነበብኩ። «ለወይዘሮ ዘርፌ። በዘንድሮው ዓመት ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ላደረጉት የትምህርት ድጋፍ ትምህርት ቤቱ ከልብ ያመሰግናል።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እትዬ ዘርፌ ግን እጃቸውን አነሱ፤ ጭብጨባው ቆመ።

«ምን አለ? ድጋፍ?»

«አዎ፣ እትዬ» አሉ ምክትሉ።

«ድጋፍማ ለሚወድቅ አጥር ነው። እነዚህ ልጆች አጥር ናቸው?» ወደ ምክትሉ ቀረብ አሉ። «እኔ በየቀኑ አዳራሽህ ገብቼ፣ ልጆቹን ጠይቄ፣ ሲያስቆሙኝ ቆሜ፣ ሲሉኝ ለቅቄ ነው የከረምኩት። ያን የሚያደርገውን ሰው ምን ትሉታላችሁ እናንተ?»

ምክትሉ አመነቱ። ዙሪያውን አዩ፤ የልጆቹ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። ቀስ ብለው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በደግነት ጀርባ ላይ ዘረጉት። «ወይዘሮ» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «መምህርት» ብለው ጻፉበት። «ላደረጉት የትምህርት ድጋፍ» የሚለውንም ሰርዘው «ለሰጡት ትምህርት» አሉት። ከዚያ በስረዛው ጎን እንደገና ፈረሙበት።

እትዬ ዘርፌ ወረቀቱን ተቀበሉ። ፊደሉን እንደማያነቡት ሁላችንም እናውቃለን። የተሰረዘውንና የተጻፈውን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩት፤ ከዚያ ለሁሉም እንዲታይ በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙት፤ መንገዱ ሙሉ ሰው «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ጭፈራውን እንደገና አነሳው።